የሻረግና ዛጎል ፈልቃቂው ወፍ

የሻረግ አስማረ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ገበያ ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አገር ተወለደች። ልጅነቷን የሚያስታውስ ሰው ከመልኳም ከጠባይዋም አስቀድሞ የሚያነሣው እጇን ነው። ዶሮ ብልት በማውጣት የሚስተካከላት አልነበረም። አሥራ ሁለቱን ብልት ከየመገጣጠሚያው ስታላቅቅ አጥንት አይሰነጠቅባትም፣ ሐሞት አይፈስባትም። ሠርግ የደገሰ፣ ተዝካር ያወጣ ሁሉ «የሻረግን ጥሩልን» ይል ነበር። እናቷ ስታስለምዳት፣ «ቢላዋ ዕውር ነው፤ የምታየው ጣትሽ ናት። አስቀድመሽ ዳስሺ፣ ከዚያ ቁረጪ» ትላት ነበር፤ እሷም እንደተባለችው አደረገች።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ደሴ ለሚባል የእስቴ ሰው ተዳረች። ደሴ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን አባቱ ሞተው መሬቱ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰው አንድ ጥማድ በሬ ዞሮ የማይመለስበት ሆነ። ስለዚህ ወታደር ተቀጠረና በ1949 ዓ.ም. ለወደብ ጥበቃ ምጽዋ ተላከ። የሻረግም ጓዟን ጠቅልላ ተከተለችው።

ደጋ ያደገ ሰው ምጽዋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስበው መመለስን ነው። ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም፤ ውኃው ጨው ጨው ይላል። የሻረግን ያስገረማት ግን ባሕሩ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በሸሸ ጊዜ የሚቀረው ጭቃ በወፍ ይሸፈናል፤ አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይጭራል፣ አንዱ ሮጦ ይለቅማል። በእስቴ በአዝመራ ጊዜ እንኳ ያን ያህል ወፍ አይታ አታውቅም።

በከተማው ዳር አንድ የባሕር ማዶ ሰው ይኖር ነበር። ሥራው ወፍ እየሰበሰበ ማጥናት፣ ቆዳውንም ከነላባው ማስቀመጥ ነው። ስሙን ማንም አጥርቶ ስለማይጠራው ሰው ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል። አማርኛው ስብርብር ቢሆንም ያግባባል። የሻረግ የእሱን ልብስ ለማጠብ ተቀጠረች። ስድስት ወር ያህል ከማጠብ በቀር ወፎቹ ያሉበትን ክፍል ደጃፍ አልረገጠችም።

አንድ ቀን የወፎቹን ቆዳ የሚገፍፍለት ሠራተኛ ታሞ ቀረ። ዶክተሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ራሱ ሲታገል፣ እሷ ልብስ እያሰጣች ታየዋለች። ቢላዋውን ያለ ቦታው ሰድዶ የጭኑን ቆዳ ቀደደው። ሌላ አነሣ፤ እሱንም ቀደደው። በሦስተኛው አላስቻላትም።

«ጌታዬ፣ ከዚያ በኩል አይደለም፤ ይበጠስብዎታል» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ዶሮ አውቃለሁ።»

ዶክተሩ ላቡን ጠርጎ ቢላዋውን በመዳፉ አድርጎ ዘረጋላት። የሻረግ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀመጠች። ወፉን አገላብጣ ዳሰሰችው። የደረቱን አጥንት፣ የክንፉን ሥር፣ የጉልበቱን መታጠፊያ ፈለገች። ከዚያ በሆዱ በኩል በቀጭኑ ከፍታ ቆዳውን ከነላባው እንደ ልብስ አወለቀችው። ዶክተሩ ሌላ ወፍ አምጥቶ ፊቷ አኖረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሱን ሌላ ሰው አጠበ።

ያ ያስተካከለችው ሦስተኛው ወፍ ነው ስሟን ከእሱ ጋር ያስተሳሰረው። ከእርግብ ይበልጣል፣ ከዶሮ ያንሳል። ራሱና ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጉት ነጭ ጥለት አለው። ዓይኑ ቀይ፣ እግሩ ፈዛዛ ቀይ፣ ምንቃሩ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ የበሰለ በርበሬ የመሰለ ነው። የሻረግ እግሩን ስትዳስስ ደነገጠች።

«ይህ ወፍ የኋላ ጣት የለውም። ሦስት ብቻ ነው። ጎድሎበት ነው?»

«አልጎደለበትም» አለ ዶክተሩ። «ወገኑ ሁሉ እንደዚሁ ነው። በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?»

«በእኛ አገር የለም። የሌለ ነገር ስም የለውም።»

«ምን ይበላል መሰለሽ?»

የሻረግ ሆዱን ቀድዳ አሳየችው። በውስጡ ከድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ በሁለት ክዳን የተዘጋ የባሕር ፍጥረት ሥጋ አገኙ። ዶክተሩ ወፉ ያንን ክዳን እንዴት እንደሚከፍት በእጁ እያሳየ ነገራት፤ አንዳንዱ ምንቃሩን በስንጥቁ አስገብቶ ጅማቱን ይቆርጣል፣ አንዳንዱ እንደ መዶሻ ቀጥቅጦ ይሰብራል። የሻረግ ሰምታ ስትጨርስ፣ «እንግዲያው ዛጎል ፈልቃቂ ይባል» አለች። ዶክተሩም ከወፉ እግር ላይ በሚታሰረው ወረቀት ከራሱ አገር ስም ሥር እንደሰማው አድርጎ ጻፈው።

የወፍ ወገን እንዴት እንደሚቆጠር የገባት በርስት ነገር ነው። ዶክተሩ የየአገሩ ወፍ የተሳለበት ትልቅ መዝገብ ነበረው። አንድ ቀን እሱን ገልጦ፣ «እዚህ ያሉት አሥር ያህል ናቸው» አላት። «በየባሕሩ ዳር ተበትነዋል። ግማሾቹ እንደኛው ጥቁርና ነጭ፣ ግማሾቹ ጥቁር ብቻ። ምንቃራቸውን ግን እዪ።»

የሻረግ አየች። ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው።

«በእኛ አገር ሰው ርስት ሲጠይቅ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልድ ይቆጥራል» አለችው። «እነዚህ ወንድማማች ናቸው?»

«ወንድማማች ናቸው። አባታቸው አንድ ነው። ሌላው የወፍ ቤት ብዙ አባት አለው፤ የእነዚህ ግን አንድ አባት ብቻ ያለው ጠባብ ቤት ነው።»

«ታዲያ ዘመድ የላቸውም?»

«አላቸው። በእናንተ ደጋ፣ በረግረጉ ሜዳ ላይ፣ ራሱ ጥቁር፣ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነ ጯሂ ወፍ የለም?»

«አለ እንጂ! ከብት ሲቀርበው አገር ይያዝልኝ ብሎ የሚጮኸው፣ እንቁላሉን ባዶ መሬት ላይ የሚጥለው።»

«እሱ የአጎት ልጅ ነው።»

«በስንተኛው ቤት ይገናኛሉ?»

ዶክተሩ ሳቀ። «እሱን ገና እየቆጠርን ነው» አላት።

እንዲህ እያለች አምስት ዓመት ሠራች። ወፉ ከሰሜን አገር በመስከረም መጥቶ በሚያዝያ እንደሚመለስ፣ ምጽዋ እንደማይወልድ፣ ገና ያልጎለመሰው ግን ክረምቱንም እዚያው እንደሚቀር አወቀች። ጎረምሳውን ከጀርባው ቡናማነትና ከምንቃሩ ጫፍ ጥቁረት ትለየዋለች። ሴቷ ምንቃሯ ከወንዱ ይረዝማል፤ ይህንንም ሆድ ሳትከፍት ገምታ፣ ከፍታ ታረጋግጣለች።

ነገሩ የተነሣው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዶክተሩ ከሰበሰባቸው ዛጎል ፈልቃቂዎች ከፊሎቹ ምንቃራቸው ሹል፣ ከፊሎቹ ደልደል ብሎ የተቆረጠ ነበር። እሱም ብዙ ለክቶ፣ ብዙ ጽፎ፣ ደልዳላዎቹ ሌላ ዘር ናቸው የሚል ሐሳብ ላይ ደረሰ። ጽሑፉን ጨርሶ በሚቀጥለው መርከብ ወደ አገሩ ሊልክ ተዘጋጀ። ለየሻረግም ደስ ብሎት ነገራት።

የሻረግ ሆዳቸውን የምትከፍት ናት። ሹሎቹ ሆድ ውስጥ ሁልጊዜ የምታገኘው ትል ነው፤ ደልዳላዎቹ ሆድ ውስጥ የዛጎል ሥጋ። ይህንን ለአንድ ቀን ብቻዋን ይዛ ዋለች። በማግስቱ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ወፉ አንድ ነው።»

«እንዴት?»

«ማረሻ ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ሠሪ ይገዛል። አንዱ ጋይንት ወስዶ ድንጋያማ ያርስበታል፣ አንዱ እስቴ ላይ ዋልካ፣ ለስላሳውን ጥቁር አፈር ያርስበታል። በዓመቱ ቢያዩአቸው አንዱ ደንዟል፣ አንዱ ሹል ነው። ሠሪያቸው ሁለት አይደለም።»

ዶክተሩ ፊቱ ተለወጠ። «ማረሻ ብረት ነው። ይህ የተፈጠረበት አካል ነው። እኔ ሃያ ዓመት ወፍ ለክቻለሁ፤ አንቺ ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«ምንቃርም እንደ ጥፍር ያድጋል» አለች የሻረግ፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። ፊቷ ግን ጋለ። ማታ ለደሴ ስትነግረው፣ «እንጀራችን ላይ አትጣይ፤ ሁለት ነው ካለ ሁለት ይሁንለት» አላት።

በዚያው ሰሞን ዓሣ አጥማጆች ክንፉ የተሰበረ ዛጎል ፈልቃቂ በመረባቸው ይዘው ከነሕይወቱ አመጡ። ዶክተሩ ምንቃሩን ለክቶ፣ ጫፉን በወረቀት ላይ ነድፎ፣ «ደልዳላው ዘር» ብሎ ጻፈና በግቢው ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። መጋቢዋ የሻረግ ሆነች። ዛጎል ከድንጋይ ላይ ማላቀቅ ስለከበዳት የምታበላው የተከተፈ ዓሣና ከጭቃ የምትቆፍረው ትል ነበር። መጀመሪያ ሆን ብላ ያደረገችው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልብ አለች፤ ከዚያ በኋላ ዛጎል ቢያመጡላትም አልሰጠችውም።

መርከቡ ሊነሣ አራት ቀን ሲቀረው ወፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ዶክተሩ ጠረጴዛ ወሰደችው።

«ይለኩት» አለች።

«ለክቼዋለሁ።»

«እንደገና ይለኩት።»

ዶክተሩ ወፉን ያዘ። ጫፉን አየ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። የመጀመሪያውን ንድፍ ፈልጎ አጠገቡ አኖረ። በወረቀቱ ላይ ያለው እንደ መሮ የተቆረጠ ነው፤ በእጁ ያለው እንደ ወስፌ የሾለ። ወፉ ጣቱን ነከሰው፤ እሱ ግን የተሰማው አይመስልም።

«ሌላ ወፍ እንዳይሆን?» አለ በመጨረሻ።

«ክንፉን ይዩ። ስብራቱ ያው ነው።»

ጽሑፉ በዚያ መርከብ አልተጫነም። ዶክተሩ ሦስት ቀን አኩርፎ ከረመ፤ በአራተኛው ቀን የሻረግን ጠርቶ፣ «አሁን ደግሞ ዛጎል ብቻ አብዪው» አላት። በወሩ ምንቃሩ ተመልሶ ደነዘ። ያን ጊዜ ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ እጇን ጨበጠ፤ የሻረግ እጇ ዛጎል ዛጎል ይሸት ስለነበር አፈረች። ወፉ ክንፉ አልዳነም። በሚያዝያ ወገኖቹ ወደ ሰሜን ሲነሡ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ቀኑን ሙሉ ጮኸ። እሷም ያን ቀን ሥራ አልያዘላትም።

በ1955 ዓ.ም. በጥቅምት ደሴ ንዳድ ያዘውና በስድስት ቀን ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። የሻረግ ምጽዋ የሚያቆያት ነገር አጣች። ዶክተሩ እንድትቀር ቢለምናትም፣ «ባሌን እዚህ አሸዋ ላይ ቀብሬ እኔም እዚሁ አልቀበርም» ብላ በአስመራና በጎንደር አድርጋ ደብረ ታቦር ገባች፤ ከዚያ በእግሯ ወደ እስቴ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄደች። የባሏ ታላቅ እኅት ወለተ ጊዮርጊስ አንገቷን አቅፋ አብራት አለቀሰች፤ ጎጆም ሰጠቻት።

ወሬ ግን ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ለዕረፍት የመጣ አንድ ወታደር፣ «የደሴ ሚስት ለፈረንጅ የቁራና የጥንብ አንሣ ቆዳ ትገፍፋለች» ብሎ አውርቶ ሄዷል። ማንም ፊት ለፊት አልጠየቃትም። ብቻ እንደ ድሮው የሚጠራት ሰው ጠፋ። ሠርግ ተደግሶ ስትሄድ፣ «አንቺ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» ይሏታል። ወጥ ልታማስል ስትነሣ ማማሰያው ሌላ ሰው እጅ ላይ ይገኛል።

የደሴ ሙት ዓመት ደረሰ። ለተዝካሩ ሰው ተጠራ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ዶሮዎች ታረዱ። የሻረግ ሳትጠየቅ ውኃ አፍልታ፣ ላባውን ነጭታ፣ የመጀመሪያውን ዶሮ ወደ ፊቷ ሳበች። ወለተ ጊዮርጊስ መጥታ ቢላዋውን ከእጇ ወሰደችው።

«እትዬ፣ ምነው?»

«አትቀየሚኝ እኅቴ። ሰው አይበላም። ቄሶችም ከማዕዱ ይቀርባሉ። ያ እጅ ምን ሲነካ እንደኖረ አገር ያውቃል።»

«የባሌ ተዝካር ነው።»

«የወንድሜም ነው» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፤ ዓይኗን ግን ወደ መሬት አደረገች።

የሻረግ ነጠላዋን አነሣችና ወጣች። አላለቀሰችም። በቀጥታ የሄደችው ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ማሩ ቤት ነው። መምሬ ማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፤ ሆኖም ሰው ሲናገር አያቋርጡም። ደጃፋቸው ላይ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ምን ዓይነት ወፍ ነው የነካሽው?» አሏት።

«ሁሉንም ዓይነት፣ አባቴ። አብዝቼ የሠራሁት ግን አንዱን ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጣቱ ሦስት፣ ምንቃሩ ቀይ።»

«ምን ይበላል?»

«የባሕር ነገር። ክንፍም ቅርፊትም የሌለው፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖር።»

«እሱማ በኦሪት የተከለከለ ነው። የተከለከለ የሚበላ ወፍም ንጹሕ አይባልም። ዓሣ አውጪስ ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ።»

«ጥንብ አንሣ?»

«አንድ ጊዜ።»

«በልተሻል?»

«ኧረ እግዚኦ! በአፌ አልዞረም።»

መምሬ ማሩ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የኦሪት ሥርዓት የሞተውን የነካ ሰው ልብሱን ይጠብ፣ እስከ ማታም ርኩስ ሆኖ ይቈይ ነው የሚለው። ልብስሽን ታጥቢ ነበር?»

«በየቀኑ፣ በሳሙና። መጀመሪያ ስገባም ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነበር።»

«ከምጽዋ ከተመለስሽ ስንት ማታ ሆነ?»

የሻረግ ቀና ብላ አየቻቸው። «ዓመት ሊሆን ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲህ ቁጠሪው። ይህ ሁሉ በኦሪቱ እንኳ ነው፤ እኛ ደግሞ ከኦሪት በኋላ ነን» ብለው ተነሡ። «ግን አርባ ስግደት አለብሽ።»

«ስለ ወፉ?»

«ስለ ወፉ አይደለም። ዓመት ሙሉ ይህን ስትሸከሚ ለእኔ ስላልነገርሽኝ።»

አብረው ወደ ተዝካሩ ቤት ሄዱ። መምሬ ማሩ በሰው ፊት ምንም ስብከት አልሰበኩም። ገብተው ተቀመጡና፣ «የሻረግ ብልት ያወጣችው ዶሮ ካልቀረበልኝ አልቀምስም» አሉ፤ ከዚያ ጠበቁ። ወለተ ጊዮርጊስ ጥቂት ቆማ ቆየች። በኋላ ቢላዋውን ዶሮው ካለበት ጣባ ጋር አምጥታ የሻረግ ፊት አኖረችው። የሻረግ ሥራዋን ጀመረች። አስቀድማ ዳሰሰች፣ ከዚያ ቆረጠች። ሰው በላ። አንዳንዱ እያመነታ በላ፤ ግን በላ። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ሦስት ሠርግ ተጠራች።

በ1959 ዓ.ም. ዶክተሩ በእሷ ስም የላከው ጥቅል በደብረ ታቦር ፖስታ ቤት አድርጎ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት ደረሰ። የሻረግ ማንበብ አትችልም፤ ተጠርታ ሄደችና የሳይንሱ መምህር አዲስዓለም ከፈተላት። በውስጡ ቀጭን መጽሐፍ አለ፤ የዛጎል ፈልቃቂ ምንቃር ሥዕል አለበት፣ አንዱ የሾለ፣ አንዱ የደነዘ። አዲስዓለም ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛውን ቀስ እያለ እየተረጎመ አንድ ሰዓት ያህል አነበበላት።

«ወፉ አንድ ነው ይላል» አላት። «ምንቃሩ የሚለወጠው በሚበላው ነው ይላል።»

«እሱስ ልክ ነው።»

አዲስዓለም ገጹን አገላብጦ ፈለገ። ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ የሻረግ፣ ይህን መጀመሪያ ያስተዋለ ማን እንደሆነ ሲጽፍ፣ ‹በቤቴ የምትሠራ አንዲት ሴት› ብቻ ይላል። ስምዎ የለም።»

የሻረግ ሥዕሉን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ስሜን ያውቀዋል» አለች። «ስድስት ዓመት ጠርቶኛል።»

«እኔ ልጻፍለት? ልክ አይደለም ብዬ ልጻፍለት?»

«ተቆጥተህ አትጻፍ። እኔ የምነግርህን ጻፍ።» አንገቷን አቀርቅራ አሰበች። «ስለ እኛው ሜዳ ወፍ ጻፍለት። የአጎት ልጅ ያለውን ማለቴ ነው። ከረግረጉ ዳር ክረምት ሲገባ እንቁላሉን እንደሚጥል፣ ጫጩቱ በተፈለፈለበት ቀን ተነሥቶ እንደሚሄድ፣ ከብት ሲመጣ እናቱ እየጮኸች እንደምትዋጋ። የሚበላውን ትል ዓይነትም ነግሬህ ትጽፋለህ። ከዚያ ስሜን ከነአባቴ ጻፈው። የሻረግ አስማረ፣ ከእስቴ።»

«ከታች ነው የሚጻፈው፣ እንደ ፊርማ።»

«አይሆንም፣ ከላይ ጻፈው። ከታች ሲሆን ሳይደርስበት ይተወዋል።»

አዲስዓለም ሳቀና ከላይ ጻፈው። መልሱ በስምንተኛው ወር መጣ። «ለክብርት የሻረግ አስማረ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቅርታ አጭር ነው፤ ቀጥሎ ግን ስለ ሜዳው ወፍ ዘጠኝ ጥያቄ ተደርድሯል። ሦስቱን የሻረግ እዚያው መለሰችው። ለቀሩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመምህሩ ጋር ወደ ረግረጉ ለመሄድ ተቀጣጠሩ፤ እሱም የሚለካበት ሜትር ይዞ እንዲመጣ ነገረችው።